በግዝት የታሰረ ስልክ

ስርጉት ሞጣ መናኸሪያ ወደ ብቸና የሚሄድ ሚኒባስ ስትሳፈር የፈራችው የመኪናውን ጎማ ነበር። ክፉው ወሬ ግን አጠገቧ ተቀምጦ ጠበቃት፤ የልጇ የሊድያ መምህር፣ ዶክተር ባንተአምላክ። ሕክምና የምትማረው ሊድያ በዚያ ሰሞን ፈተና ወድቃ ዓመቱን እንድትደግም ተወስኖባት ነበር።

«ሊድያን የመሰለች ተማሪ ምን ነካብን እትዬ? ከቴሌግራም የመማሪያ ቡድናችን ከወጣች ወዲህ ወደኋላ ቀረች» አለ ዶክተሩ።

«እኔ ነኝ ያስወጣኋት!» አለች ስርጉት ኮራ ብላ። «ስልኳን ባየው ራቁት ገላ፣ የቆሰለ እግር! ልጄ ጠፋች ብዬ የንስሐ አባታችንን መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስን ለምኜ አስገዘትኋት።»

«እግሩን የላክሁት እኔ ነኝ። የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ አስፈቅደነው፣ ስሙንና ፊቱን ሳናሳይ።»

«መጽሐፍ አነሰና? ደግሞስ እዚያ ቴሌግራም መንደር እብዱም ሐኪም፣ ጠንቋዩም ሐኪም አይደል?»

«እሱስ እውነትዎን ነው። ስለዚህ መምህራኑ ቡድኑን እንጠብቃለን፤ የተሳሳተውን እዚያው እናርማለን። ሆስፒታል ውስጥ አርባ ተማሪ አንድ አልጋ ሲከብ፣ ከኋላ ያለው የሚያየው የጓደኛውን ማጅራት ነው። በስልክ ግን ሁሉም እኩል ያያል። ‹ምን ታደርጋላችሁ?› እላለሁ፤ ይከራከራሉ። ክፍል ውስጥ አንገቷን የምትደፋው ሊድያ እዚያ አፍ ነበራት። የቅኔ ተማሪስ የቆጠረውን ቅኔ ለጓደኞቹ እየነገረ፣ መምህሩ እያረሙት አይደል መቀኘት የሚማረው?»

የስርጉት አባት የቅኔ መምህር ነበሩ። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ አይታዋለች።

«ለመሆኑ ምስሉ ምን እንደሆነ ጠይቀዋት ነበር?»

አልጠየቀቻትም። ልጅቱ «እማዬ፣ ይሄ እኮ…» ስትል «ዝም በይ!» ብላታለች። ሊድያም ግዝት ፈርታ ከቡድኑ ወጣች።

ብቸና እንደወረደች ቤቷ ሳትገባ ወደ መምሬ ሄደች። እሳቸውም ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔም ሳልጠይቅ መገዘቴ፣ ጥፋቱ የሁለታችን ነው። እግዚአብሔር ይፍታት» አሉ።

ስርጉት ደወለች። «ልጄ፣ ተፈትተሻል። መምህርሽ የሚልኩትን ሁሉ እዪ፤ ጠይቂ፣ ተከራከሪ።»

«እሺ እማዬ» አለች ሊድያ። «ፈተናው ላይ የመጣው እኮ ያ እግር ነው።»

ስርጉት ዛሬ ልጇን ለምታስተምር ጎረቤት ሁሉ፣ ስልክ በአዋቂ እጅ ሲመራ ሩቁን ሕመምተኛ ለተማሪው እንደሚያቀርብ፣ ዓይን አፋሩንም እንደሚያናግር ትመክራለች። ሊድያ ግን ጓደኞቿ አልፈዋት፣ ከታናሾቿ ጋር ያንኑ ዓመት እንደገና ትማራለች።