ለነገው ስብሰባ የሚለበስ ኮት

ግቢ፣ ግቢ እታለም። ዝናቡ አበሰበሰሽ? ወንበሩን ወደ መስኮቱ ሳቢው፤ ለመርፌ ብርሃን ይሻላል። በሩን ተይው፣ ክፍት ይሁን... እዚያ ክፍል ጫማውን የሚወለውል ሰው አለ፣ አየር ያስፈልገዋል።

ኮቱ ይኸውልሽ። ነገ ጠዋት ለስብሰባ ይለበሳል። እጅጌው አጠረ አልሽኝ? ኮቱስ ያው የድሮው ኮት ነው... እጁ ረዝሞ ይሆናላ።

አንቺ ጨርቅ ከመቁረጥሽ በፊት ስንቴ ትለኪያለሽ? ሁለቴ? ጎሽ። እኔ ደግሞ አንዴ ለክቶ የተሸለመ ሰው አውቃለሁ። ስሙን ተይው፤ ትሑት ነው፣ ስሙ ሲነሳ አይወድም... የምስጋና ቀን ካልሆነ በቀር።

ሥራው ጊዜ መለካት ነው። የግድግዳ ሰዓት እንዳይመስልሽ። ከጥፍር የምታንስ ቺፕ ናት፤ ሐኪሞች የሰው ሆድ ዕቃ በሚያዩበት መሣሪያ ውስጥ ትገባለች። አንድ ምልክት ሲገባ፣ ተሰልፈው የቆሙ ጥቃቅን በሮች እየተቀባበሉ ያሳልፉታል። ሁለተኛው ሲደርስ ቁም ይባላል። የፊተኛው ስንት በር እንዳለፈ ተቆጥሮ፣ በሁለቱ መካከል ያለችው ጊዜ ትታወቃለች። ዓይን እስኪጨፈን? ያማ እዚያ ቤት ዘመን ነው።

የበሮቹን ሰልፍ የሠራችው ሚስቱ ናት። መሥሪያ ቤታቸው አንድ ነው፤ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። «ሲሞቁ በሮቹ ይዘገያሉ። አብሮ የሚሞቅ ሁለተኛ ሰልፍ አጠገባቸው እናቁም፤ መዘግየቱን በእሱ እያየን እናርማለን» አለችው። እሱ ግን ቆጣቢ ሰው ነው። ልትወልድ ስትሄድ ሁለተኛውን ሰልፍ አወጣው። ቺፗ አነሰች፣ አማረች። በቀዝቃዛ ክፍል ሞከራት፤ እንከን አልተገኘባትም። ብልህ አይደለም? ማን ሞኝ ነው በሙቀት የሚፈተን?

በሽልማቱ ዕለት መድረክ ላይ ወጥቶ ሁሉንም አመሰገነ። አለቃውን፣ የአለቃውን አለቃ፣ በር የከፈተለትን ዘበኛ ሳይቀር። ሚስቱን ግን... ለምን ያመስግናት? ባልና ሚስት አንድ አካል አይደሉም? የራስ ገላ ይመሰገናል እንዴ?

አሁን ታዲያ ቺፗ መሣሪያው ውስጥ ገብታ ሞቀች፤ ሞቃ ትቀባጥር ጀመር። ሆድ ውስጥ ዕጢ ቢኖር ከቦታው አንስታ ሌላ ጋ ታሳያለች አሉ። ደግነቱ በሽተኛ ላይ ሳይደርስ በሙከራ ተያዘ። ነገ ጠዋት «የማን ሥራ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። የሰውየውን ፍቅር ያየሁት ይኼኔ ነው፤ ሚስቱን አስታወሳት። «ሰልፉን የሠራችው እኮ እሷ ናት» ሲል ትናንት በስልክ ሰማሁት። አልዋሸም፣ እውነቱን ነው። ትንሽ ዘገየ እንጂ... ሲሞቅበት የሚዘገየው ቺፕ ብቻ መሰለሽ?

በእኛ ጊዜ የቸኮለች አፍሳ ትለቅም ነበር። ዛሬ ሠለጠንን፤ የቸኮለ ያፈሳል፣ ሚስቱ ትለቅማለች።

እሷማ ተኝታለች፤ ሕፃኑ ሲያስነሳት አድሮ። ሰኞ ወደ ሥራዋ ልትመለስ ነው። ቀሚሷን ሰቅላ ጨርሳለች። ከነገው ስብሰባ በኋላ ወንበሯ ይቆይላት እንደሆነ... እኔ አልነገርኳትም። ዝም አይነቅዝም ይሉ የለ? እኔ ግን ብዙ ዘመን ዝም ብዬ ነበር፤ ሲነቅዝ አይቼዋለሁ።

የሰውየው አማት? አውቃታለሁ እንጂ። ጠዋት ጠዋት በመስታወት እንገናኛለን። ክፉ አይደለችም፤ ስታረጅ ዓይኗ ደክሞ ጆሮዋ በረታ እንጂ።

ምነው የጫማው ውልወላ ቆመ? ሰምቶን ይሆን? ቢሰማስ፣ እኛ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው።

ጨረስሽ? እጅሽ ይባረክ። ይኸው አማረ፤ እጁም ተሸፈነ። ወዲህ በይው፣ እኔው መርቄ አለብሰዋለሁ። አንቺ አሜን በይ።

ዕድሜ ይስጠው። ልጁን ያሳድግለት፤ ልጁም ቁርጥ አባቱን ይምሰልለት። አርጅቶ፣ አልጋ ይዞ፣ ሰዉ ሁሉ «የማን ነው ይኼ ሽማግሌ?» ባለ ቀን... ነገ ጠዋት እሱ ለሚስቱ እንደሚቆምላት፣ ልጁም እንዲሁ ይቁምለት።