ወተት የማያጥበው አቧራ

ከገበያ ስመለስ ነው ያገኘኋቸው። አቃቂ በሰቃ፣ ድልድዩን ከመሻገሬ በፊት፣ አንድ ሰው መንገድ ዳር ቁጭ ብለው በትከሻቸው ይተነፍሳሉ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ አመሌ ነው። ጠጋ ብዬ ሳይ ጎረቤቴ ጋሽ ሀብተሚካኤል ናቸው።

«ምነው ጋሽ ሀብቴ፣ በዚህ ፀሐይ?» አልኳቸው።

«ትንሽ... አየር ልሳብ ብዬ ነው፣ ቲቸር አሰጋሽ።»

ጋሽ ሀብቴ ዕድሜያቸውን እምነበረድ ቤት የጨረሱ ሰው ናቸው። ግራናይቱን ሲቆርጡና ሲያለሰልሱ፣ የሰውን ሳሎንና የሰውን መቃብር ሲያሳምሩ ኖረው፣ በስተርጅና ሳንባቸው ጠባሳ ሆኗል ተባሉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ልጃቸውን ተስፋሚካኤልን እዚያው ቤት፣ እዚያው ማሽን ላይ ያስቀጠሩት ራሳቸው ናቸው።

እዚያው ቆመን ሳለ ከሚኒባስ አንዲት ልጅ ወረደች። የሰፈራችን የጂራታ ልጅ ፌኔት ናት፤ እኔ ያስተማርኳት፣ ዛሬ የሳንባ ሐኪም የሆነች። ገና ስታያቸው አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ዛሬ በጣም ደክመዋል። የት ሊሄዱ ነበር?»

«ስለ ሌዘር ልጠይቅ። አንድ ክሊኒክ አለ ብለውኛል።»

«ለምን ሌዘር?»

«ጎረቤታችንን ወልደሚካኤልን አታውቂውም? ኩላሊቱ ውስጥ የነበረውን ጠጠር በሌዘር ሰባብረው አወጡለት። የእኔስ ምንድን ነው? የዋጥኩት ድንጋይ አይደለም? ስልክ ላይም አይቻለሁ፤ አንዱ ደረቱን በቀይ መብራት አስመታና ተነሥቶ ሮጠ!»

ፌኔት አልሳቀችም። «ሌዘር ውሸት ነው አልልም፣ ጋሼ። ለዓይንም ለጠጠርም ይሠራል። የአየር ቧንቧ በዕጢ ሲዘጋም ይከፍቱበታል። ለሳንባ ጠባሳ ግን፣ አይጥ ላይ ሞክረው ብግነቱን ቀነሰ ያሉ ተመራማሪዎች አሉ እንጂ፣ ሰው አዳነ የሚል አስተማማኝ ማስረጃ እስካሁን የለም።»

«ታዲያ አይጥ ከዳነ እኔ ምን አንሼ ነው?»

«አላነሱም። ነገር ግን የወልደሚካኤል ጠጠር ምስር ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ነው፤ ይለቀማል። የእርስዎ ዱቄት ውስጥ የገባ አሸዋ ነው። አሸዋውን ማን ይለቅመዋል? ደግሞ ሥጋው ራሱ ቆስሎ ደርቋል። ጠባሳውን በመብራት ቢመቱት ተመልሶ ሳንባ አይሆንም።»

ጋሽ ሀብቴ እጃቸውን አወናጨፉ። «እሺ፣ የእኔ ይቅር። እኔ በራሴ ጥፋት ነው። ለአቧራው ተብሎ የሚሰጠንን የላስቲክ ወተት መጠጣት ሲገባኝ እየደበቅሁ ለተስፋ አመጣለት ነበር። ሕፃን ነበራ! በዚያ ወተት ነው ያደገው። እሱ ግን የራሱን እዚያው ቆሞ ይጠጣል። ባይሆን እንኳ እሱ እስኪያረጅ ሌዘሩ ይደርሳል።»

እንግዲህ ልብ በሉ! ሰውየው ልጃቸውን አቧራው ውስጥ ያስገቡት ሳይወዱት ቀርተው አይደለም። ወተቱ ያጥበዋል፣ ወተቱ ቢያቅተው ሌዘር ይደርስለታል ብለው ነው። ስንቱ አባት በአቃቂና በቃሊቲ እንዲህ ብሎ ልጁን እንደሰጠ እግዜር ይወቀው።

ፌኔት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ ወተት ሲጠጡ ትን ብሎዎት ያውቃል?»

«ትን የማይለው ማን አለ?»

«ያኔ ምን ሆኑ?»

«ምን እሆናለሁ፤ ዓይኔ ደም እስኪመስል ሳልኩ። ልሞት ነበር።»

«ያቺ መንገድ ስታ ወደ ሳንባ የሄደች ጠብታ ናት። ወተት ሳንባ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ የእምነበረድ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ትን ብሎት ያልቅ ነበር። ወተት የሚሄደው ሆድ ነው። ለልጅዎ በመስጠትዎ አልተጎዱም፤ የጎዳዎት አቧራው ነው።»

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ዋጥኩት። መጀመሪያ ትንሽ ፈታ ያሉ መስለውኝ ነበር፤ ኋላ ግን ሐሳቡ ሲደርሳቸው ፊታቸው አመድ ሆነ።

«እንግዲያ ልጄን የሚጠብቀው ምንድን ነው?»

«አሁን ባለው አሠራር፣ ምንም።»

«እኔስ?»

ፌኔት ወደ እኔ አየች። «ጠባሳው አይድንም፣ ጋሼ፤ እየባሰም ይሄዳል» አለች በመጨረሻ። «ትንፋሽ ሲያጥር ኦክስጅን አለ፣ ጉልበት የሚያቆይ እንቅስቃሴ አለ። ድንጋይ የጎዳውን ሳንባ ቲቢ ቶሎ ስለሚይዘው እሱን እንመረምራለን። ብቻዎን አንተዎትም። ከዚህ በላይ ግን ልዋሽዎ አልችልም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

እኔ ንዴቴን መቆጣጠር አቃተኝ። «ጅቡ የት ሄደና? ልጅዎ ላይ አይደለም እንዴ ያለው!»

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥኩ፤ እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም። «ንገሪኝ» አሏት ፌኔትን፤ «ምን ይደረግ?»

«ድንጋዩን ውኃ እያፈሰሱ መቁረጥ። ፊት ላይ ግጥም የሚል የአቧራ ማስክ ማድረግ፤ ሻሽ አፍ ላይ ማሰር አይረባም። የሥራ ልብስን እዚያው አውልቆ መምጣት። በየጊዜው ራጅ መነሣት። ይህ ካልሆነ ሥራውን ጥሎ መውጣት ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።»

«አለቃው ውኃ ሥራ ያጓትታል ይላል። እኔም ስል ኖሬያለሁ።»

«የተጓተተ ሥራ ነገም ይሠራል፣ ጋሼ።»

ሁለታችን ደግፈን እያሳረፍን ቤት አደረስናቸው። ብዙም ሳይቆይ ተስፋሚካኤል ከሥራ ገባ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። አባቱን በዚያ ሁኔታ ሲያይ፣ «አይዞህ አባዬ፣ ሌዘሩን ጠየቅህ?» አለ።

«ተስፋ፣ ሌዘር አያድነኝም። ወተቱም አያድንህም። ከእንግዲህ ውኃ ሳይኖር ያንን ማሽን አትነካም።»

ልጁ አባቱን አየ፣ እኛን አየ። ከዚያም እንደ ቀላል ነገር፣ «ታዲያ ይሄ የእኔ ሳልስ?» አለ።

ሳል እንዳለበት ማንኛችንም አናውቅም ነበር። ጋሽ ሀብቴ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

በማግሥቱ ፌኔት ራጅ አስነሣችው። ሳንባው ላይ የአቧራው ነጠብጣብ ጀምሯል። «ከአቧራው ከወጣ እዚያው ሊቆም ይችላል፤ ላይቆምም ይችላል» አለችን፤ እንዳመሏ ሳትዋሽ። ተስፋሚካኤል ያን ቀን ሥራውን ተወ።

ጋሽ ሀብቴ ግን ወደ እምነበረድ ቤቱ ውሰዱኝ አሉ። እኔና ተስፋሚካኤል ወስደን ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው። ሠራተኞቹ ማሽኑን አጥፍተው ከበቧቸው፤ ግማሾቹን ሥራውን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው።

«ወተቱ... አይረባም። እኔን እዩኝ» አሉ።

«ሌዘር መጥቷል ሲሉ ሰማን እኮ፣ ጋሼ?» አለ አንዱ።

«ለእኔ የለም። ለእናንተ ግን... ውኃ አለ። ድንጋዩን...» ሊጨርሱ ቢሉ ትንፋሽ ከዳቸው፤ በእጃቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

የቀረውን እኔ ጨረስኩላቸው። ድንጋዩን አርጥባችሁ ብትቆርጡ፣ ማስኩን ብታደርጉ፣ ሳል ሲጀምር ሳትደብቁ ብትመረመሩ፣ ስታረጁ የቤታችሁን ደጅ ያለ ሰው ድጋፍ ትሻገራላችሁ፤ የልጅ ልጅ ታቅፋላችሁ፤ ሚስቶቻችሁ ሌሊቱን ትንፋሻችሁን ሲያዳምጡ አያድሩም አልኳቸው። ለአለቃውም፣ ሠራተኛ ቀባሪ ከመሆን የውኃ ቱቦ መዘርጋት ይቀልልሃል አልኩት። አጉረመረመ፤ ግን አልከለከለም።

አንዱ ሠራተኛ ቱቦ ከቧንቧው ስቦ ውኃውን መጋዙ ላይ አፈሰሰና ማሽኑን አስነሣ። ድንጋዩ ተቆረጠ፤ ከሥሩ ጭቃ ወረደ፣ አቧራ ግን አልተነሣም። ጋሽ ሀብቴ ድንጋዩ ተቆርጦ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት።

«ይኸው ነው?» አሉኝ። «ይህን ያህል ቀላል ነበር?»

ተስፋሚካኤል ሊያነሣቸው ሲጎነበስ ሳሉ መጣበት፤ አባቱ የልጃቸውን ደረት በመዳፋቸው ደግፈው፣ ሳሉ እስኪያልፍለት ድረስ አለቀሱ።