ከሴትየዋ ክንድ ሥር የተገኘው ሕፃን

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ በመዝገቡ ተይዟል
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ንድፍ ሠሪ
አድራሻ፦ ከሙዚየሙ ጀርባ ባለው ፎቅ ቤት፣ ከእናቷ ጋር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት

የቁፋሮ ቦታው ጥበቃ ሠራተኛ የጥንት መቃብር ነካክተዋል ተብለው በተያዙበት ጉዳይ የማውቀውን ለማስረዳት ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ቀርቤያለሁ። ጥበቃውን ሁላችንም «ሻለቃ» እንላቸዋለን። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ መኪና በገባ ቁጥር ግን ቀጥ ብለው ሰላምታ ይሰጣሉ።

የእኔ ሥራ ከመሬት የተገኘ ነገር ከመነሳቱ በፊት ባለበት ሁኔታ ለክቶ መሳል ነው። አዋቂ ሰው ሲሆን አሳንሼ እስላለሁ። ሕፃን ሲሆን ግን በልኩ ነው፤ የጎን አጥንቱ ከክብሪት እንጨት አይወፍርም፣ ቢያሳንሱት ወረቀቱ ላይ ይጠፋል። መቃብሩ ተነካ በተባለበት ዕለት ጠዋት በአንድ ጥንታዊ ቤት ወለል ሥር የአንዲት ሴትና የአንድ አራስ ሕፃን አጽም ስስል ነበር። ሌሎቹ በታችኛው ጉድጓድ ስለነበሩ ሕፃኑን ከአፈር ያጸዳሁትም እኔው ነኝ። ሴትየዋ በጎኗ ተኝታ እጇን ወደፊት ዘርግታለች። ሕፃኑ ከእሷ ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ፣ ግድግዳው ሥር ለብቻው ነበር። ሁለት ጊዜ ለክቻለሁ። ዙሪያውን ቆፍሬ ከነአፈሩ እንዲነሳ አዘጋጅቼው ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ሌሎቹም ለምሳ ወጡ፤ የቀሩት ሻለቃ ብቻ ናቸው።

የቁፋሮው ኃላፊ ዶክተሩ ፎቶ አንሺ ይዞ የደረሰው ከምሳ በኋላ ነው። ፎቶውን እኔ ያየሁት በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ ነው። ሕፃኑ ከሴትየዋ ክንድ ሥር ተኝቷል፤ ከበታቹ «የእናት እቅፍ» ይላል። ዓይኔን አላመንኩም። ሥዕሌን ይዤ ወደ ዶክተሩ ብሄድ፣ «ስትለኪ ተሳስተሽ ይሆናላ፤ ደክሞሽ ነበር» አለኝ። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ስለካ ደክሞኝ አያውቅም ልለው ፈልጌ ነበር። ይባስ ብዬ ራሴን ተጠራጠርኩ።

ባለፈው ሳምንት የአጥንት ባለሙያዋ ከሕፃኑ ሥር ያለውን አፈር ስትመረምር ነገሩ ፈነዳ። ሴትየዋ የተኛችበት አፈር ጥቁር ነው፤ የሕፃኑ ግን የግድግዳው ሥር ቀይ አፈር ሆኖ ተገኘ። ዶክተሩ «እቅፍ» እያለ በየስብሰባው ሲናገር ከርሞ ስለነበር ፊቱ ጠቆረ፤ አንድ ሰው መቃብሩን ነክቷል ብሎ አመለከተ። ሻለቃ ሲጠየቁ «ሰው አልገባም» ብለው ድርቅ አሉ። ቅዳሜ ተያዙ።

እሑድ ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። እናቴ በዚያው ቁፋሮ የሸክላ ስብርባሪ አጣቢ ናት። የምታጥፈውን ልብስ ይዛ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«እኔ ነኝ እኮ» አለች።

«ምኑን ነሽ?»

«ልጁን የወሰድኩላት። ቆርቆሮ ከሥሩ አስገብቼ፣ እናንተ እንደምታደርጉት። አንዲት አጥንት አልወደቀችም። ሻለቃ አይቶኛል፤ ባርኔጣውን አወለቀ።»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ?»

«እሱ ግድግዳ ሥር፣ እሷ እጇን ዘርግታ! አንቺ ደግሞ ቁጭ ብለሽ ትለኪያለሽ።»

«እናቱ መሆኗን በምን አወቅሽ?»

«ታዲያ ማን ልትሆን ነው?»

ሴትየዋ መውለጃዋ ያለፈ አሮጊት እንደነበረች፣ ምናልባትም ሁለቱ በመቶ ዓመት ልዩነት የተቀበሩ እንደሚሆኑ አስረዳኋት። ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው አያቱ ናታ» አለች።

እናቴ ከእኔ በፊት ወንድ ልጅ ወልዳ ነበር። አንድ ቀን አላደረም። ሆስፒታሉ ወስዶ የት እንደቀበረው ሳይነግራት ቀረ። ይህንን የማስመዘግበው ጥፋቷን ለማቅለል አይደለም ብዬ ነበር የመጣሁት፤ ለማቅለል ነው። ቢሆንም ተናድጄባታለሁ። ያ ሕፃን ግድግዳው ሥር የተኛው በምክንያት ነበር፤ ያስተኙት ሰዎች ያውቁት ነበር። ቦታው ከተነካ በኋላ ማንም በሙሉ ልብ ሊናገርለት አይችልም። ለአንዱ ልጅ ብላ ሌላውን መቃብሩን አሳጣችው። ይህንን ስነግራት አለቀሰች።

አሁን ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ሊያሳድሯት እንደሚችሉ ገምታ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ይዛለች። ሻለቃ ምንም ስላልነኩ እንዲፈቱ እጠይቃለሁ።

ስንመጣ ታክሲ ውስጥ «አሁን አብረው ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አብረው ናቸው» አልኳት። ሴትየዋ ምድር ቤት መጋዘን ውስጥ ናት። ሕፃኑ ሦስተኛ ፎቅ፣ ትንንሽ ሣጥኖች በሚቀመጡበት ክፍል ነው።

ከላይ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ እንዳልኩት የተጻፈና እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። በዚህ ጉዳይ ከአፌ የወጣ ውሸት ቢኖር ለእናቴ የነገርኳት ብቻ ነው፤ እሷን ስትጠይቁ ያንን ክፍል እንዳታነቡላት እለምናለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________