ተቃውሞ ያለው አለ?

ነይ ቁጭ በይ እህቴ! አንድ ፎቅ ላይ እየሠራን እንኳ ሳንተያይ ሰነበትን እኮ። ዲዛይነር ሲኮን እንዲህ ነው እንዴ የሚጠፋው? ዛሬ ደግሞ አየሩ እንዴት ደስ ይላል... መስኮቱን ልክፈተው? ወይስ ይቅር፣ አለቃችንን ብርድ እንዳይመታቸው። ኧረ ድምፅሽን አትቀንሺ! ማዳመጫቸውን አድርገዋል፣ የሚሰሙንም አይመስለኝ። ገመዱ ተነቅሎ ወለሉ ላይ መጋደሙን አትይ፤ አንዳንድ ሰው ያለ ገመድም ይሰማል።

ከሰዓት ትልቋ አለቃ ይመጣሉ አሉ፣ ያ የጥርስ ክሊኒኩ ሥራ እንዴት እንደተበላሸ ሊጠይቁ። እኔ ምን አገባኝ? የኔ ሥራ አፑን መፈተሽ ነው፤ ሰው መፈተሽ አይደለም። ብቻ አንድ የማውቃቸው ሰው ትዝ አሉኝና... ኧረ አንቺ አታውቂያቸውም፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ናቸው። እንደኛው ባሕር ማዶ ካሉ ልጆች ጋር በስክሪን እየተያዩ የሚሠሩ የቡድን መሪ ናቸው። የሚገርምሽ እነሱም የጥርስ ክሊኒክ ቀጠሮ ማስያዣ አፕ ነበር የሚሠሩት። አጋጣሚ ነዋ!

አቤት ደግነታቸው! የጠዋቱን ስብሰባ ሰው እንዳይሰላች ብለው በቁም አደረጉት። ቆሞ የሚያወራ ያሳጥራል ይባል የለ? እሳቸው ግን ለሠራተኛው እግር ጥንካሬ ስለሚያስቡ አያሳጥሩም። እግራችን እስኪደነዝዝ... እግራቸው እስኪደነዝዝ ማለቴ ነው፣ ሁሉም ቆመው ያዳምጣሉ። እሳቸው ባለ ጎማ ወንበራቸው ላይ ወዲያ ወዲህ እየተንሸራተቱ ያበረታታሉ። የኛ ጠዋት ለማዶዎቹ ምሽት አይደል? አንዷ ፕሮግራመር ልጇን ታቅፋ ነው የምትቆመው። ሕፃኑ ታዲያ ድምፃቸውን ከመልመዱ የተነሳ፣ ገና «እንደምን አደራችሁ» ሲሉ እንቅልፍ ይወስደዋል አሉ። እንዲህ ልጅ የሚያስተኛ መሪ ከየት ይገኛል?

ከሁሉ የማደንቅላቸው ግን ሰው ማማከራቸውን ነው። ሳያማክሩ ምንም አይወስኑም! መጨረሻ ላይ ሁሌ «ተቃውሞ ያለው አለ?» ይላሉ። ማዶዎቹ ዝም። «ግሩም፣ ተስማምተናል!» ይሉና ሥራው የተጻፈባትን ባለ ቀለም ወረቀት ከሰሌዳው ላይ ነቅለው «ያለቀ» ከሚለው ሥር ይለጥፏታል። ያቺ ባለ ልጇ አንዴ ለብቻቸው ጻፈችላቸው። «ጌታዬ፣ እኛ ዘንድ አለቃን ሰው ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ዝም ካልን አልተስማማንም ማለት ነው» አለቻቸው። ምን ብለው መለሱላት መሰለሽ? አውራ ጣት! ያችን ቢጫዋን፣ ቀጥ ያለችዋን። ጨዋ ስለሆኑ የሰው መልእክት ሳይመልሱ አያድሩም... ማንበቡ እንኳ ለሌላ ቀን ይደርሳል።

አንድ ቀን ታዲያ ሥራ ለማቅለል ብለው «የቀጠሮው ሰዓት ሁሉ በኔ ሰዓት ይሁን» አሉ። አስቢው እስኪ! ክሊኒኩ ማዶ፣ ሐኪሙ ማዶ፣ የሚጠዘጥዘው ጥርስ ማዶ፣ ሰዓቱ የሳቸው። የነሱ ፈታሽ «ኧረ እዚህ ቀን ሲሆን እዚያ ሌሊት ነው» ብትል «አንቺ መቼም ጨለማ ጨለማው ነው የሚታይሽ» አሏት። ምን ዓይነት ጨዋታ አዋቂ ናቸው! ከዚያ «ተቃውሞ ያለው አለ?»... ዝም። «ግሩም!»

አፑ ሥራ በጀመረ ማግስት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጉንጩን የያዘ ሁሉ ክሊኒኩ በር ላይ ተኮለኮለ። ዘበኛው ምን ያድርግ፣ ጥርስ አይነቅል! አንዲት እናት አፋቸውን ከፍተው «አንተም ብትሆን ግዴለም፣ ሞክራት» አሉት ይባላል። ሕዝብን በጠዋት ማስነሳት ቀላል ችሎታ ነው እንዴ እህቴ?

አሁን ጥፋተኛዋ ማን ሆነች መሰለሽ? ባለ ልጇ! «መቃወሟን አልነገረችኝም» ብለው ከሥራ ሊያስወጧት ነው። እዚህ ላይ ሳቄ ሁሉ ይጠፋል፤ እውነቴን ነው፣ ያንገበግበኛል። ልጅ ታቅፋ ስትቆም የከረመችን ሴት! ... ተይው፣ ተይው። አየሩ ደስ ይላል ነበር ያልኩት።

እንዴ! አለቃችንን ላብ አጠመቃቸው እኮ። ምነው፣ ያ የሚያዳምጡት ዘፈን አሳዛኝ ነው እንዴ? በይ መስኮቱን ክፈቺላቸው፤ ከሰዓት ትልቋ አለቃ ፊት ወዝተው እንዳይቀርቡ።

እኔ እንኳ ለዚያ ለማውቃቸው ሰው ያለኝ ምርቃት ብቻ ነው። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው። ባለ ጎማ ወንበራቸውን ይጠብቅላቸው። የሳቸውም ትልቅ አለቃ መጥተው፣ እዚህም ያለውን ማዶም ያለውን አንድ ላይ ሰብስበው፣ «እኚህ ሰው ከቦታቸው ይነሱ ብል ተቃውሞ ያለው አለ?» ሲሉ... እግዜር ያን የሚወዱትን ዝምታ አይንሳቸው።