ከረጢት ውስጥ የቀረው ጥሩር

ልጄ ለቤት ሠራተኝነት ወደ አረብ አገር ልትሄድ ነውና ከደብረ ታቦር እስከ ባሕር ዳር በሚኒባስ እየሸኘኋት ነበር። እዚያ እንዴት እንደምትሆን እያሰብኩ ፈርቻለሁ። ከፊታችን አንዲት ወጣት በስልኳ የጦር ጨዋታ ትጫወታለች፤ ከጎኗ የተቀመጡ ሽማግሌ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ደግሞ ተዋጊሽ ሞተብሽ?» አሏት።

«ሦስተኛዬ ነው አባባ። ዘንዶው አቃጠለው።»

«ቅድም ከጨዋታው ነጋዴ ጋሻና ጥሩር፣ ያን የብረት ልብስ፣ ገዝተሽለት የለም እንዴ?»

«ገዝቼለታለሁ። ምን እንደሆነ አልገባኝም።»

«እስቲ አሳዪኝ፣ የታለ?»

«ይኸው፣ ከረጢቱ ውስጥ።»

«ታዲያ ከረጢቱ ነው የሚዋጋው?»

«ከገዛሁለት ራሱ የሚለብስ መስሎኝ ነዋ።»

«እንደ ባለቤቴ ሆንሽ። አዲሱን ጋቢ ለጥምቀት ብላ ሳጥን ትከተዋለች፣ እኔ እዚያው በብርድ እንዘፈዘፋለሁ።»

«ለጋቢው ሳስተውለት ነው፤ አይፍረዱባቸው።»

«አልፈረድኩም። ብርዱ ግን ጥምቀትን አይጠብቅም። በይ አልብሺው።»

ወጣቷ ስልኳን ነካ ነካ አደረገች።

«ይኸው ለበሰ። ጋሻውንም አነገበ፣ አዩት?»

«አየሁት። አሁን ዘንዶው ይምጣ።»

«አሁንም ቢሞትስ አባባ?»

ሽማግሌው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

«ቢሞትም፣ ያለሽን አልነፈግሽውም።»

እኔም የልጄ አሠሪዎች እንዳያዩባት ብዬ ከአንገቷ ፈትቼ ቦርሳዋ ሥር የሸጎጥኩትን ማተብ አውጥቼ መልሼ አሰርኩላት።