ጋሽ ውሃልክ እና ቁልቁል የምትሮጠው ብይ

ባለፈው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ከጎረቤቴ ከአናጢው ጋር ተገጣጠምን። በሕይወታቸው አንድ የተንጋደደ ነገር ሠርተው ስለማያውቁ ሰፈሩ «ጋሽ ውሃልክ» ይላቸዋል። ሰላም ብላቸው ሰላምታዬን እንደ ጎበጠ ሚስማር ወደ ጎን ጣሉት።

«ምነው ጋሼ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

«ትምህርት ነው የሞተው! የወላጆች ቀን ነው ብለው ጠሩኝ። የፊዚክስ ክፍሉን በር ብከፍት፣ ልጄ መሬት ላይ ተንበርክካ በተጋደመ ጎባጣ ሳንቃ ላይ ብይ ታንከባልላለች! የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ! አስተማሪው ደግሞ አጠገቧ ቆሞ ‹ጎበዝ› ይላታል።»

«ሙከራ ይሆናላ።»

«በእኛ ጊዜ ቀመር በቃል ነበር የሚወጣው። ማን ይናገር የነበረ! ስማኝ፦ የመጨረሻ ፍጥነት ማለት መነሻ ፍጥነት ሲደመር፣ የፍጥነት ጭማሪ ሲባዛ በጊዜ! ይኸው፣ ስንት ዘመን አልፎ አንዲት ቃል አልጣልኩም።»

«ግሩም ነው። ምን ማለት ነው ግን?»

ዐይናቸውን አፈጠጡብኝ። «እሱ ፈተናው ላይ አልነበረም።»

በሳቅ ላልፈው ስል፣ ነገውኑ ለርእሰ መምህሩ ነግረው ልጅቷን ከሳይንስ ክፍል ሊያስወጧት እንደ ቆረጡ ነገሩኝ። ልጅቷ ድልድይ እሠራለሁ ማለት ከጀመረች ሰነባብታለች፤ ስትናገረውም እንደ ሕልም ሳይሆን እንደ ቀጠሮ ነው። ምንም ማድረግ ባልችል እንኳ ልታዘብ ብዬ እስከ እንጨት ሥራ ቤታቸው ተከተልኳቸው።

ልጅቷ ወሬውን ሰምታ ኖሮ ቀድማን ደርሳ በር ላይ ቆማለች። ማልቀሷን ዐይኗ ያሳብቃል።

«አባዬ፣ አስወጣኝ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ተዳፋት ላይ የተለቀቀች ብይ በእኩል ጊዜ እኩል መንገድ ነው የምትሄደው?»

«እና ምን ልታደርግ ኖሯል? ተዳፋቱ ከላይ እስከ ታች ያው ነው።»

«በራስህ ሳንቃ አሳየኛ።»

«በራስህ ሳንቃ» መባሉ ልባቸውን ነካው። መሐሉ ላይ ቦይ የወጣለት አራት ሜትር የሚሆን ሳንቃ ጎትተው አንዱን ጫፍ በርጩማ ላይ አስደገፉ። ልጅቷ በቦዩ ላይ አግድም የሚታሰሩ አራት ቀጫጭን ሽቦዎች አቀበለቻቸው፤ ብይ ስታልፍባቸው ጠቅ ይላሉ።

«ጠቅታው እኩል እኩል ጊዜ ጠብቆ እንዲሰማ አድርገህ እሰራቸው።»

ጋሽ ውሃልክ ራሱን እንደሚያከብር ማንኛውም አናጢ አራት አራት ስንዝር እያራራቁ፣ ልክ ለልክ አሰሯቸው። ብይዋ ተለቀቀች።

ጠቅ… ጠቅ፣ ጠቅ፣ጠቅ!

«ተጣደፈች» አለች ልጅቷ።

«ሳንቃው ነው» አሉ ሳያስቡት። ወዲያው ደነገጡ፤ ሳንቃውን የላጉት እሳቸው ናቸው።

እኔም ክፋት አማረኝ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ከሁለት አንዱ ጠማማ ነው፤ ወይ ሳንቃዎ ወይ ሐሳብዎ።»

«አንተ ምሁር፣ ምላስህን በመላጊያ ነበር!»

ክር ወጥረው ሳንቃውን ፈተሹት፤ ቀጥ ያለ ነው። ጫፍና ጫፉን አዟዙረው ለቀቋት፤ ያው ጥድፊያ። ሌላ ብይ አመጡ፤ ያው። ልብ በሉ፤ ማንም ሳያዛቸው ሙከራ ላይ ናቸው፣ ያውም ተንበርክከው።

በመጨረሻ «እስቲ አንቺ እሰሪው» አሉ።

ልጅቷ ሽቦዎቹን ፈትታ ከላይኛው ጫፍ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝና ዐሥራ ስድስት ስንዝር ላይ አሰረቻቸው።

«ኧረ ይሄ ለዐይን ያስጠላል! እንዲህ ያለ አጥር ብሠራ ማን ደጁ ያስጠጋኛል?»

«አንተ በመዶሻህ ብቻ እኩል እኩል ምታልኝ። ትንሽ ፈጠን፣ ትንሽ ዘግየት ስልህ ታስተካክላለህ።»

መዶሻ ሲይዙ እጃቸው እንደ ሰዓት ነው። ጥቂት ጊዜ ሞካክረው ልኩን አገኙት። በአንዱ ምት ለቀቀቻት። ጧ ሲል ጠቅ፤ ጧ ሲል ጠቅ፤ እስከ ታች አንዲቷም አላመለጠች።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ።

«አሁን ክፍተቱን ቁጠረው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በመጀመሪያው ምት አንድ ስንዝር፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት፣ በአራተኛው ሰባት።»

«በየምቱ ሁለት ስንዝር ትጨምራለች…» አሉ ቀስ ብለው። «ሁሌ ያው ሁለት። ጭማሪው ነው እኩሉ፣ መንገዱ አይደለም!» ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «መነሻ ፍጥነት… ሲደመር… የፍጥነት ጭማሪ… ሲባዛ በጊዜ። ወይ ጉድ! ይሄ ሁሉ ዘመን የሚያወራው ስለዚህች ኖሯል?»

«ስለ እንጨት መጫኛ ጋሪህም ጭምር። ቁልቁለቱ ላይ ‹እስከ ግማሽ ትሂድ፣ ከዚያ እይዛታለሁ› ትላለህ። ግማሽ መንገድ ስትደርስ እኮ ፍጥነቷ ታች ስትደርስ ከሚኖራት ግማሽ አልፏል።»

«ለካ ባለፈው በጋሪው ግንቡን የገጨሁት ለዚህ ነው!»

«ከመነሻው ነው መያዝ።»

እኔ የቃል ጥናትን አልነቅፍም፤ ቀመሩ ለጋሽ ውሃልክ እስከዚያ ቀን የቆየላቸው በቃል ስለያዙት ነው። ነገር ግን ሳይነካ የተሸመደደ እውቀት ለፈተና ቀን ብቻ የሚለበስ ልብስ ነው። በእጁ የሞከረ ልጅ ሲሳሳት የት ላይ እንደ ሳተ ያገኘዋል፤ ሲያውቅም «እንዲህ ተብሏል» አይልም፣ «ኑ እዩ» ይላል። ጋሪም በሰላም ቤቱ ይገባል።

«ነገ ትምህርት ቤት መሄዴ አልቀረም» አሉ ጋሽ ውሃልክ ጉልበታቸውን እያራገፉ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። «ልታስወጣኝ?»

«የማስወጣውማ ያን የክፍላችሁን ሳንቃ ነው! ጎብጦ አልቆም ቢላችሁ አይደል መሬት ላይ ያስተኛችሁት? ይሄን ወስጄ አቆምላችኋለሁ። ልጄ ቆማ ትማራለች!»

አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔም ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ወደ በሩ ሳፈገፍግ ክንዴን ያዙኝ።

«ወዴት ወዴት? ሳንቃው አራት ሜትር ነው። እኔ ከፊት፣ አንተ ከኋላ። በጠዋት እንዳትቀር!»