የፑል ጠመኔ ጎልፍ ሜዳ ላይ

አባቴ ፑል የምጫወትበትን ቤት በስሙ ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ የዱርዬ ቤት» ነው የሚሉት። ታሃና መርካዚት፣ ዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ፣ አጠገብ ነው፤ ከሥራ ስወጣ ከዚያ አልጠፋም። የምንሠራው ደግሞ እዚሁ ቤር ሼቫ ከተማ፣ ሁለታችንም አንድ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ፋብሪካው ለዮም ኬፍ፣ ለመዝናኛ ቀን ማለቴ ነው፣ ሠራተኛውን ሁሉ ጎልፍ ሜዳ ወሰደን። ሁሉም በየተራ ሞከረ። ኳሷ ጉድጓዱን እያለፈች ትሄዳለች፣ ሰው ይስቃል።

ተራዬ ሲደርስ በርከክ ብዬ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሳሩ አረንጓዴ፣ ኳሷ ነጭ፣ ጉድጓዱ ወዲያ ማዶ። ይሄማ የኔው ጠረጴዛ ነው፣ ሰፋ አለ እንጂ! ሳላስበው ከኪሴ የፑል ጠመኔዬን አውጥቼ እንደ ፑል እንጨት የጎልፉን ዱላ ጫፍ መቀባት ጀመርኩ። ሰው በሳቅ ሞተ። አባባ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውን ሳይ እልህ ያዘኝና ኳሷን ቀስ አድርጌ ነካኋት። ተንከባላ ተንከባላ ጠርዙ ላይ ልትቆም ስትል፣ ዱብ! «ድገም» አለኝ ሰው ሁሉ፤ ደገምኩት።

ሥራ አስኪያጁ ጠመኔ የተቀባውን ዱላ እያገላበጠ፣ «ጎልፍ ማን አስተማረህ?» አለኝ በዕብራይስጥ። «ጎልፍ እንኳ አልችልም፣ ፑል ነው» ልል አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ። ሥራ ቦታ ዕብራይስጥ ከአፋቸው የማይወጣው አባባ፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ «አኒ!» አሉ። እኔ ነኝ ያስተማርኩት ማለታቸው ነው።

ጠመኔውን ኪሴ መልሼ ከተትኩ።